ሰባተኛው ጉብታ

ሰኔ 21 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት የአስተባባሪዋ ክፍል ሲከፈት፣ የወሩ ሪፖርት ሠንጠረዥ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ለአምስት ወረዳ አምስት ረድፍ። አራቱ ጥርት ባለው የእጅ ጽሕፈቷ ተሞልተዋል፤ አምስተኛው ባዶ ነው። ባዶው ቦታ ላይ አንድ ነገር በእርሳስ ተጽፎ ተፍቋል፤ ወረቀቱ ለመቀደድ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተፍቋል።

ያን ቀን ወደ ሥራ አልመጣችም። ከዚያም ወዲያ አልመጣችም። የሐኪም ቤቱ ወረቀት ሰኞ ሌሊት የሞተችበትን ምክንያት «የመተንፈሻ አካል ሕመም»፣ ዕድሜዋን ደግሞ ሃምሳ አምስት ይላል። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነበር። ሪፖርቱን ለበላይ ለማድረስ የቸኮሉት ሰዎች ባዶውን ረድፍ አይተው «ረስታው ነው» አሉ። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቷ አንዲት ረድፍ ረስታ አታውቅም።

ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነበር፦ አምስት ወረዳዎች መጤውን አረም በአንድነት እንዲነቅሉ ማድረግ። አረሙ መጽሐፍ ላይ ሌላ ስም አለው፣ ገበሬውም እንደየቀዬው ሌላ ስም ያወጣለታል፤ አምስቱ ወረዳዎች የሚግባቡት ግን «መጤው» ሲሉ ነው። ሲያድግ እስከ ሰው ደረት ይደርሳል። አበባው ነጭና ደቃቅ ነው፤ ከሩቅ ላየው ያምራል፣ የነካው ሰው ክንድ ላይ ግን ሽፍታ ያወጣል። ከብት ወዶ አይበላውም፤ ሣር አጥቶ ከበላው ወተቱ ይመራል። አንዲት እግር እስከ አሥራ አምስት ሺህ ፍሬ ታረግፋለች፤ ፍሬዋ ከአሸዋ ቅንጣት አትበልጥም።

እሷ ቦታውን ከመያዟ በፊት እያንዳንዱ ወረዳ ደስ ባለው ወር ይነቅል ነበር። አንዱ ሲነቅል የጎረቤቱ ያብባል፤ ጎረቤቱ ሲነቅል የዚያኛው እንደገና ይበቅላል። በሁለት ወረዳ መካከል ያለ የወንዝ ዳር የማንም ስላልሆነ ማንም አይነካውም። ዓመቱ ሲያልቅ ግን አምስቱም «መቶ በመቶ ጸድቷል» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ዓመት ሦስተኛው ወረዳ «መቶ አራት በመቶ» ብሎ ላከ። ደብዳቤው ዛሬም ፋይሉ ውስጥ አለ።

«መቶ አራት ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ በስልክ ጠየቀች።

«የሰው ወረዳ ገብተን ስለነቀልን ነው፣ እትዬ» አላት የወረዳው ኃላፊ፣ ድምፁ ሳይሸማቀቅ።

ሚዛኑን የወለደው ይህ ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ትእዛዝ አወጣች፦ በአምስቱም ወረዳ ነቀላው በአንድ ሳምንት ይሆናል፤ የተነቀለው አረም ሁሉ ተጭኖ የእህል ሚዛን ወዳለበት ዋናው መጋዘን ይመጣል፤ እሷ ባለችበት ይመዘናል፤ ከዚያ በኋላ ይቃጠላል። ያልተመዘነ እንዳልተነቀለ ይቆጠራል። የአምስቱም ወረዳ መኪና ከመገንጠያው እስከ መጋዘኑ በአንድ መንገድ ይመጣል።

ወረዳዎቹ አጉረመረሙ፤ ከዚያ ግን ሠሩ። ወሬ ሚዛን ላይ አይወጣምና የምር ሰው ማሳ ላይ ማሰማራት ግድ ሆነ፤ ብዙ ኩንታል ያመጣ ወረዳም አንደኛ ይባላል። እሷንም «እትዬ ሚዛን» አሏት፤ መጀመሪያ ለማላገጥ፣ ኋላ የምር። የእሷ ኃላፊ በዚህ ሥራ ተሹሞ የመምሪያው ዋና ሆነ። እንግዶች እየመጡ ከአረሙ ክምር አጠገብ ፎቶ ይነሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፎቶው ውስጥ እሷ የለችም፤ ሚዛኑ ጋ ቆማ ቁጥር ትመዘግባለች።

በሁለተኛው ዓመት ወረዳዎቹ አንድ ነገር ገባቸው። ለጋ አረም አይመዝንም። ሳያብብ የተነቀለ መጤ አንድ መኪና ቢሞላ እንኳ ክብደቱ ገለባ ነው፤ ቁመቱ ደረት ሲደርስ፣ ግንዱ ሲጠነክር፣ ሲያብብ ግን ሚዛኑን ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፉ፦ ገበሬው እርሻ ላይ ስለሆነ የነቀላው ሳምንት በሦስት ሳምንት ይገፋልን። ስለ ክብደት አንድም ቃል የለበትም። እሷም ለገበሬው አስባ ፈቀደች። ፊርማዋ አለበት።

በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ 11 ቀን፣ ከአሮጌው ሾፌር ጋር መጤው አዲስ የታየባቸውን ቦታዎች ለማየት ወጣች። ሾፌሩ የመሥሪያ ቤቱን መኪና አሥራ ሁለት ዓመት የነዳ፣ ከሞተሩ ይልቅ ወሬው ቀድሞ የሚነሳለት ሰው ነበር። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። ካርታዋ ላይ በቀይ የከበበቻቸው ቦታዎች በዋናው መንገድ ላይ ተደርድረዋል፤ ነገሩ አልገባት ብሏል።

«ወንዝ የለ» አለች በመስኮት እያየች። «ንፋሱም በዚህ በኩል አይነፍስም። በምን መጣ?»

«መጤው እኮ ጨዋ ተሳፋሪ ነው፣ እትዬ» አላት ሾፌሩ። «በየፌርማታው ይወርዳል።»

«የምን ፌርማታ?»

«ጉብታው ነዋ!» አለ፣ መኪና ቀስ እንዲል አስፋልቱ ላይ የተሠራውን ጉብታ እየወጣ። መኪናው ዘለል አለ። «ይኸው፣ እኛን እንኳን እንዲህ ካነሳን የተጫነውንማ አስቢው... ይቅርታ፣ ያስቡት።»

ቀኝ በኩል፣ ከጉብታው አልፎ አንድ ሁለት እርምጃ፣ መጤው በቅሏል። ሌላ ቦታ የለም፤ እዚያ ብቻ፣ ሰው ዘርቶ ያጠጣው ይመስል።

«አዙረው» አለችው።

«ወዴት?»

«ወደ መገንጠያው። ከመጀመሪያው እንጀምር።»

ከመገንጠያው እስከ መጋዘኑ አሥራ አንድ ጉብታ አለ። በአሥራ አንዱም ወረደች። በአሥራ አንዱም መኪናው ተጭኖ በሚገባበት በኩል መጤው አለ፤ ባዶውን በሚመለስበት በኩል አንዲት እግር የለም። ርቀቱን በሜትር ለካች፣ እግሮቹን ቆጠረች፣ ጻፈች። ሾፌሩ ወሬውን አቁሞ ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ሲደርሱ ብቻ እንዲህ አለ፦

«ያውቁታል ብዬ ነው እኮ።»

«ማን ነግሮኝ?»

«ሾፌር ሁሉ ያውቃል። እኛ ስንጭን ሲረግፍ፣ ስንነዳ ሲረግፍ... ከኋላችን የሚመጣው መኪና መስተዋቱ ላይ እስኪለጠፍበት።»

«ታዲያ አንድ ሰው አፍ አውጥቶ አይናገርም?»

ሾፌሩ መሪው ላይ ያሉ እጆቹን አየ። «ጫኑና አምጡ ያሉት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። እኛ ምን ብለን?»

ያን ከሰዓት ወደ ሰባተኛው ጉብታ ብቻዋን ተመለሰች። ሰባተኛው ጉብታ ያለው ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ቀጥሎ የታላቅ እህቷ ቤትና የሁለት ላሞች መዋያ የሆነች መስክ አለች። እናታቸው ስትሞት አስተባባሪዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደገቻት ይህችው እህቷ ናት፤ ማለዳ ወተት ለደንበኛ አድርሳ ተመልሳ፣ ደብተር ሸፍና፣ ፀጉር ሠርታ ትምህርት ቤት ትልካት ነበር። እህቷ ራሷ ግን ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም።

ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ የእህቷ ወተት መምረር ጀምሮ ነበር። እህቷ ያኔ ጠርታት መስኩን አሳየቻት፤ ነጩ አበባ ከመንገዱ ጠርዝ ተነሥቶ እስከ መስኩ እኩሌታ ገብቷል። «ከየት መጣብኝ?» ስትላት፣ አስተባባሪዋ «ንፋስ ነው» ብላት ሄደች። ሌላ ስብሰባ ነበረባት።

አሁን ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ግቢና ቁጭ በይ እንጂ» አለቻት እህቷ።

«ቆሜ ልንገርሽ፣ እቴ።»

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ምነው? ሰው ሞተ?»

«መጤውን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ።»

እህቷ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! በጀርባሽ አዝለሽ አመጣሽው?»

«በመኪና።»

ሁሉንም ነገረቻት፤ ሚዛኑን፣ ጭነቱን፣ ጉብታውን። እህቷ ስትሰማ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ እጇ ግን ደረቅ ነበር።

«ንፋስ ነው ያልሽኝስ?»

«ንፋስ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ እኮ ለደንበኛው ሁሉ ንፋስ ነው እያልኩ... እህቴ ናት ያለችው፣ የተማረችው፣ እሷ አትሳሳትም እያልኩ...» ንግግሯን ሳትጨርስ ወደ መስኩ ዞረች። «አሁንም ሊያልፉ ነው እነዚያ መኪኖች?» አለች።

«ነቀላው ግንቦት 15 ይጀምራል። ከዚያ በፊት አስቆማቸዋለሁ።»

«ማይልኝ።»

«እናቴ ትሙት። አንዲት መኪና በደጅሽ አታልፍም።»

በሞተች እናታቸው ስትምል እህቷ አላረመቻትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅባት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አስተባባሪዋ ካርታውን ይዛ ኃላፊዋ ዘንድ ገባች። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ሰው ሲታመም ይጠይቃል፣ የሠራተኛውን ልጆች ስም ያውቃል። ካርታውን እስከ መጨረሻው አየ፤ ከንፈሩንም መጠጠ።

«እና ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ሳያብብ ይነቀል፤ እዚያው በተነቀለበት ጉድጓድ ይቀበር። መኪና ላይ አይውጣ። እኔ ዞሬ በየማሳው ገመድ ዘርግቼ የቀረውን እግር እቆጥራለሁ። ሥራው የሚለካው በቀረው እንጂ በተነቀለው አይሁን።»

«ሚዛኑን ማን አመጣው?»

«እኔ።»

«ወረዳዎቹ ውሸታሞች ናቸው ያለውስ?»

«እኔው ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ? ሁሉም መላእክት ሆኑ?» ካርታውን አጥፎ ወደ እሷ ገፋው። «ስሚኝ። ግንቦት 19 እንግዶች ይመጣሉ። ክምሩን ሊያዩ ነው የሚመጡት። ጉድጓድ ፎቶ አይነሣም። እነሱን እንሸኝና ቁጭ ብለን እናየዋለን።»

«ከዚያ በኋላ ቁጭ ብሎ የሚታይ ምን ይቀራል? አብቦ፣ አፍርቶ፣ መንገድ ላይ ረግፎ ያበቃል።»

«እንግዲያው ሸራ ይልበስ። ሸራ ጠይቂ፣ እፈርማለሁ።»

ለአሥራ አራት የጭነት መኪና አሥራ አራት ሸራ ጠየቀች። ከንብረት ክፍል ሦስት ተሰጣት፤ አንደኛው ቀዳዳ ነበረው። ደረሰኙ ላይ «አንዱ የተቀደደ» ብላ ጽፋ ፈረመች።

ከዚያ ወዲያ በራሷ ሥልጣን አምስቱን የወረዳ ኃላፊዎች ግንቦት 2 ቀን ጠራች። በስብሰባው አዳራሽ ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጥፋ አሥራ አንዱን ጉብታ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ስታወራ ትንፋሿ ያጥራታል፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ ትይዛለች። ሐኪሙ «ከዚህ አረም ራቂ» ብሏት፣ «እሱ ይራቀኝ እንጂ!» ብላ ስቃ ወጥታ ነበር።

የመጀመሪያው ወረዳ ኃላፊ እጁን አነሣ። «እትዬ ሚዛን ሚዛኗን ጣለች በሉኛ!»

ሳቁ።

«ሦስት ወር ያሳደግነውን ልንቀብረው ነው?» አለ መቶ አራት በመቶ የጻፈው። «ዘንድሮ እኮ የእኔ አረም የሰው ቁመት ሆኗል። አንደኛ ልወጣ ስል ውድድሩን ታፈርሺብኛለሽ?»

«አሳደግነው ነው ያልከው?» አለችው።

«ማለቴ... አደገ።»

እንደገና ሳቁ። እሷ ግን ያኔ ገባት። በሦስት ሳምንት ይገፋልን የተባለው ለእርሻ እንዳልነበር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አረም ስታስነቅል ሳይሆን ስታስኮተኩት እንደከረመች፣ እዚያው ቆማ ገባት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የአምስተኛው ወረዳ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ዓመት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። በስብሰባ ላይ ስለማይናገሩ ብዙ ሰው የሚያንቀላፉ ይመስለዋል። እሳቸው ብቻ አልሳቁም። የኪስ ደብተራቸውን ገልጠው፣

«እህቴ፣ ጉድጓዱ ጥልቀቱ ስንት ይሁን?» አሉ።

«አንድ ሜትር ተኩል፣ ጋሼ።»

«ከላይ የሚለብሰው አፈርስ?»

«ከጉልበት የማያንስ።»

ጻፉ። ደብተራቸውን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱ። በማግስቱ ሕዝባቸውን አስወጡ፤ መጤው ገና ሳያብብ በዘጠኝ ቀን ነቅለው ቀበሩት። ሌሎቹ ወሬውን ሲሰሙ «ጋሼ ጉድጓድ» የሚል ስም አወጡላቸው። እሷ ሄዳ አየች። በየማሳው ገመድ ዘርግታ ቆጠረች፤ በመቶ ካሬ ሜትር ውስጥ የቀረው ሁለት እግር ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ የጸዳ ማሳ አላየችም። ቁጥሩን በማስታወሻዋ ላይ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

አራቱ ወረዳዎች ከስብሰባው በኋላ የላከችላቸውን ደብዳቤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ኃላፊዋም «ሚዛኑ እንደተለመደው ይቀጥላል» የሚል ሁለት መስመር ለወረዳዎቹ ላከ። ግንቦት 15 ቀን ሰኞ ጠዋት መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ያን ሳምንት ሚዛኑ ጋ አልተገኘችም። በሥራ ዘመኗ ከተመደበችበት ቦታ የጠፋችው ያኔ ብቻ ነው። የተገኘችው ሰባተኛው ጉብታ ላይ ነው፤ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና፣ በእጇ መጥረጊያና ከረጢት ይዛ። መኪና ያልፋል፣ ይዘላል፣ ያራግፋል፤ እሷ ትጠርጋለች። ሸራ የለበሰው መኪና ሲያልፍ እንኳ ከጎኑ ነጭ ነጭ ይረግፋል። ከትምህርት ቤት የሚወጡ መምህራን ያውቋታል፤ ሰላም ለማለት ያፍራሉ፣ ዝም ብሎ ለማለፍም ያፍራሉ። በነቀላ ሰሞን ጭነት ላይ የሚመደበው አሮጌው ሾፌር ሲያልፍ ጉብታውን እንደ እንቁላል ተሸካሚ ቀስ ብሎ ይወጣላት ነበር። ከዚህ በላይ ሊያደርግላት የሚችለው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን እህቷ ከቤት ወጥታ መንገዱ ዳር ቆመች።

«አስቆማቸዋለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«አልሰሙኝም፣ እቴ።»

«እና መጥረጊያ ይዘሽ መጣሽ?»

«ቢያንስ ያንቺ ደጅ...»

«የሌላው ደጅስ?» አለቻት እህቷ። «ስድስተኛው ጉብታ ላይ ያለችው ሴትዮ ላም የላትም? እሷስ የሰው እህት አይደለችም?»

እህቷ ክንዷን ይዛ ልታስገባት ስትል ሳሉ ያዛት፤ ጎንበስ ብላ ብዙ ሳለች። እህቷ ጀርባዋን ታሻለች። መጥረጊያውን ግን ከእጇ አልተቀበለቻትም፤ ሳሏ ሲያልፍላት እህቷ ብቻዋን ወደ ቤቷ ገባች። አስተባባሪዋ ሐሙስንም አርብንም ቅዳሜንም ጠረገች። ሰባት ከረጢት ሞላ፤ ሰባቱንም ራሷ አቃጠለች። ሌሎቹን አሥር ጉብታዎች የጠረገ ሰው የለም።

ግንቦት 19 እንግዶቹ መጡ፣ ክምሩን አዩ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። የመጀመሪያው ወረዳ አራት መቶ አሥራ ሁለት ኩንታል፣ ሁለተኛው ሦስት መቶ ሰማንያ፣ ሦስተኛው አራት መቶ ሠላሳ፣ አራተኛው ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት። አምስተኛው ሚዛን ላይ ምንም አላወጣም። «ቁጭ ብለን እናየዋለን» የተባለውን ውሃ በላው።

ሰኔ 11 ቀን እህቷ ሁለቱን ላሞች ሸጠች። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሸሽተዋት ነበር፤ የቀረው ሻይ ቤትም የመጨረሻውን ወተት ቀምሶ «በቃን» አለ። ለአስተባባሪዋ አልነገረቻትም። የነገራት ሾፌሩ ነው፤ ሲነዳ ላሞቹ እየተነዱ ሲሄዱ አይቶ።

ሰኔ 16 ቀን ኃላፊዋ ጠራት። ጠረጴዛው ላይ ለአምስተኛው ወረዳ ኃላፊ የተረቀቀ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። ሽማግሌው «ትእዛዝ ባለመፈጸም» ከጡረታቸው በፊት ከኃላፊነት ሊነሡ ነው።

«የሚቀረው ያንቺ ሠንጠረዥ ነው» አላት። «አምስተኛው ላይ ዜሮ ብለሽ ላኪልኝ፤ ከደብዳቤው ጋር ይያያዛል።»

«ሥራውን የሠሩት እሳቸው ብቻ እኮ ናቸው።»

«ሠርቷል አልሠራም አላልኩም። ሚዛኑ ምን ይላል?»

«ሚዛኑ ምንም አይልም። ሚዛን ላይ አልወጣማ።»

«ያልተመዘነ እንዳልተነቀለ ይቆጠራል» አለ ኃላፊው። በቃል ነበር የሚያውቀው። ያረቀቀችው እሷ ናት፤ ቃሉ አንድም አልተለወጠም። «ሰኞ ከሰዓት እፈልገዋለሁ።»

ሰኞ፣ ሰኔ 20 ቀን፣ ጠዋት ስትገባ አራቱን ረድፍ ሞላች። አምስተኛው ላይ በእርሳስ ዜሮ ጻፈች። ፋቀችው። እንደገና ጻፈች፣ እንደገና ፋቀችው። የማሳውን ቁጥር እንዳትጽፍ ሠንጠረዡ ለእሱ አምድ የለውም፤ ሠንጠረዡንም የነደፈችው እሷ ናት። ሽማግሌው ጋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ዜሮ ጻፊ ተብያለሁ።»

«ጻፊ እንጂ ምን ቸገረሽ» አሏት። «እኔ እንደሆነ ማሳዬን አይቻለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ። ለዚህ ነው የቸገረኝ።»

ሽማግሌው «ምሳሽን ብይ» አሉና ዘጉት።

ምሳዋን አልበላችም። ስልኩን ሳታስቀምጥ እህቷ ደወለች። ከሦስተኛው የጠረጋ ቀን ወዲህ የሰማችው የመጀመሪያው ድምጿ ነበር።

«የወተት ዕቃዎቼ ሻይ ቤቱ ጋ ቀርተዋል» አለች እህቷ። «የሴትዮዋን ዓይን ማየት አልችልም። ከተመቸሽ አምጪልኝ። ካልተመቸሽ ተዪው።»

«ይመቸኛል፣ እቴ። አሁን እሄዳለሁ።» ሠንጠረዡን አምስተኛው ረድፍ ባዶ እንደሆነ ጠረጴዛዋ ላይ ትታ ወጣች።

ሻይ ቤቱ አውቶቡስ መቆሚያው ጀርባ ነው፤ ስድስት ጠረጴዛና አንድ የተሰነጠቀ መስተዋት አለው። ባለቤቷ ሁለቱን የአልሙኒየም ዕቃዎች ከጓዳ አወጣችላት።

«እኔ እኮ አልጨከንኩባትም» አለች ሴትዮዋ፣ ሳትጠየቅ። «ሻዩ መረረ ብለው እየተፉት ምን ላድርግ? ለመሆኑ ከየት መጣ ይህ አረም?»

«በመኪና» አለቻት አስተባባሪዋ።

«እህህ፣ ደህና ተጓዥ ነው እንግዲህ!»

ዕቃዎቹን አንጠልጥላ ታክሲ ያዘች። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ያጥራት ነበር፤ ሜዳ ላይም ማጠር ጀምሯል። መድኃኒቱን ስባ፣ ተቀምጣ፣ ሰባተኛው ጉብታ ጋ ወረደች።

እህቷ ዕቃዎቹን ደጃፉ ላይ ተቀበለቻት። ውስጣቸውን አየች፣ አሸተተች፣ አዞረቻቸው። የትልቁ አፍ በጨርቅ ተወትፏል።

«ክዳኑስ?»

«እንዲሁ ነው የሰጠችኝ።»

«ክዳን ነበረው።»

«ላሞቹ ተሸጠዋል እኮ፣ እቴ» አለች፤ ከአፏ ካመለጣት በኋላ ምላሷን ነከሰች።

እህቷ ቀና ብላ አየቻት። «ላሞቹ ተሸጠዋል። ክዳኑን ግን አልሸጥኩትም።»

አስተባባሪዋ ተመለሰች። ታክሲ እስኪመጣ ጠበቀች፤ ሻይ ቤቱ ገባች። ክዳኑ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ተገልብጦ የሻይ ማንኪያ ተቀምጦበታል። ባለቤቷ ማንኪያዎቹን ዝርግፍ አድርጋ «ይቅርታ፣ የኔ እመቤት፣ ዘንግቼው» አለች። አስተባባሪዋ ቧንቧው ላይ አጥባ፣ በመሐረቧ አድርቃ፣ ቦርሳዋ ስላልበቃው በእጇ ይዛ ወጣች።

እህቷ እዚያው ደጃፉ ላይ ነበረች። ክዳኑን ተቀበለቻት፤ ጨርቁን ነቅላ ጣለች፤ ክዳኑን አፉ ላይ አድርጋ በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው።

«ገጥሟል» አለች።